ግራ የገባው ወታደር

ክንፈሚካኤል ፍኖተ ሰላም ከተማ ውስጥ የአንድ ትምህርት ቤት ንብረት ክፍል ሠራተኛ ነው። ጠመኔም ሆነ መጥረጊያ፣ የቤተ ሙከራ ጠርሙስም ሆነ እግሩ የወለቀ ወንበር ያለ እሱ ፊርማ ከግምጃ ቤቱ አይወጣም። መምህራኑ ጨቅጫቃ ነው ይሉታል፤ አልዋሹም። ጠመኔ የጠየቀውን ሁሉ «የትናንቱን ምን አደረግኸው?» ሳይል አይሰጥም። አምሳ ሁለት ዓመቱ ነው። ሲራመድ ቀኝ እግሩን ወደ ውጭ ገልበጥ ያደርጋል፤ ወታደር እንደ ነበረ የሚያውቁ ሰዎች ጥይት መትቶት ይመስላቸዋል። ጥይት አልመታውም። እግሩን እንዲህ ያደረገው ጫማ ነው።

ከማንኩሳ ወጣ ብሎ ባለ ቀበሌ የገበሬ ልጅ ሆኖ አደገ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሶ ውጤት ሳይመጣለት ሲቀር፣ የአባቱም መሬት ለአራት ወንድማማቾች አልበቃ ሲል፣ በ1991 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ እንደ ተጋጋለ ተመዝግቦ ዘመተ። ሥልጠናውን ጨርሶ ግንባር ሲደርስ ትጥቅ ታደለ። ለእሱ የደረሰው ከስክስ ጫማ ሁለቱም የግራ ነበር።

«አለቃ፣ ሁለቱም ግራ ናቸው» አለ ለሚያድለው አሥር አለቃ።

አሥር አለቃው ጫማዎቹን አየ፤ ዝርዝሩንም አየ። «እዚህ ላይ አንድ ጥንድ ይላል። ስንት ይዘሃል?»

«ሁለት።»

«እንግዲያ አንድ ጥንድ ነው» ብሎ አስፈረመው።

ከፈረመ በኋላ ነገሩ አለቀ። ማመልከቻ ጻፈ፤ «ጥንድ ጫማ መረከቡ በፊርማው ተረጋግጧል» የሚል መልስ መጣለት። ወደ ሻለቃ ንብረት ክፍል ሄደ፤ ከብርጌድ ደብዳቤ አምጣ አሉት። ብርጌድ ሄደ፤ የሻለቃው ደብዳቤ ከሌለ አናይም አሉት። እንዲህ ሲመላለስ አምስት ወር በግራ ጫማ ቀኝ እግሩን አስሮ ኖረ። ጣቶቹ ያኔ ተጣመሙ፤ እስከ ዛሬም አልተቃኑም።

በነበረበት የመቶ ጦር ውስጥ ገነነ የሚባል የቡሬ ልጅ ነበር። ድምፁ መልካም ነው፤ ዜማ ማውጣት ይችላል። ክንፈሚካኤል አንድ ቀን ከብርጌድ ባዶ እጁን ሲመለስ ገነነ ምሽጉ አፍ ላይ ተቀምጦ፣ ጀሪካን እየመታ ተቀበለው፤

ግራ እግሬ ደላው፣ ቤቱ ገብቶ ተንደላቀቀ፣
ቀኝ እግሬ በባዳ ቤት ተኮራምቶ ተጨነቀ።
ግራ ገባኝ አለቃ፣ ግራ ገባኝ።

ክንፈሚካኤል መጀመሪያ ተናደደ። ከዚያ እሱም ሳቀ። በሳምንቱ ሁለተኛ ዘፈን መጣ፤ ክንፈሚካኤል ደግሞ በዘፈኖቹ መካከል የሚነገር ነገር ጻፈ። ሰጠኝ የሚባል ተራ ወታደር ሁለት ግራ ጫማ ይደርሰዋል፤ ቀኙን ፍለጋ ከቢሮ ቢሮ ይንከራተታል። ብርድ ልብስ ሆዱ ላይ ጠምጥሞ የንብረት ክፍል ኃላፊ የሚሆን ሰው ተገኘ። አሥራ አንድ የዘፈን ተቀባዮች ተገኙ። መጨረሻ ላይ ሰጠኝ ሌሊት ውኃ ሊቀዳ ወርዶ ከወዲያኛው ምሽግ ከመጣ ወታደር ጋር ይገጣጠማል። ሁለቱም መሣሪያ ይደጋገናሉ፤ ኋላ ሲተያዩ ያኛው የተጫማው ሁለት ቀኝ ነው። ምንም ሳይነጋገሩ ተቀምጠው ክራቸውን ይፈታሉ፤ አንድ አንድ ተለዋውጠው፣ አብረው አንድ ዘፈን ዘፍነው፣ በየመጡበት ይመለሳሉ። ቴአትሩን «ግራ የገባው» አሉት።

ለእረፍት ወደ ኋላ በተሳቡ ጊዜ የጭነት መኪና ጎን ተገልጦ መድረክ ሆነና በጠራራ ፀሐይ አሳዩት። ሰዉ መሬት ላይ ተንከባለለ። ሻለቃው ራሱ እንባውን በቆቡ ጠረገ። በማግስቱ ክንፈሚካኤል አሁንስ ቀኝ ጫማ ይሰጠኛል ብሎ ንብረት ክፍል ሄደ። አሥር አለቃው «ጎበዝ ናችሁ፣ አሳቃችሁን» ብሎ ሸኘው።

ከወር በኋላ በተደረገው ውጊያ ከአሥራ አንዱ ተቀባዮች ሰባቱ ሞቱ።

ጦርነቱ አብቅቶ ሲሰናበት ፍኖተ ሰላም መጣ። መጀመሪያ ጥበቃ ተቀጠረ፤ ማታ ማታ ተምሮ ዲፕሎማውን ያዘና ንብረት ክፍል ገባ። እንቁ የምትባል የጅጋ ልጅ አገባ፤ ሁለት ሴቶች ልጆች ወለዱ። ቴአትሩን በሰማያዊ ደብተር አሰፍሮ፣ ዘፈኖቹን እያስታወሰ ጨማምሮ፣ በእርሳስ እየሰረዘ ዓመታት አስቆጠረ። ከሞተ ሰው የሰማው ቀልድ ሳይቀር ቦታ ቦታ ሰጥቶታል። የተጻፈ ሁሉ መታየት አለበት ብሎ የሚያምን ሰው ነው፤ መከራውም የመጣው ከዚያ ነው።

መጀመሪያ በ1996 ለከተማው የአማተር ክበብ ወሰደው። የጦርነቱ ቁስል ገና ነው፣ ሰው አይስቅም አሉት። ሚሌኒየሙ ሲቃረብ ወሰደው፤ ይህ የደስታ ዓመት ነው፣ ስለ ጦርነት ምን አነሣሣህ አሉት። ከዚያ አንድ ድርጅት ለጤና ትምህርት የሚሆን ቴአትር ይፈልጋል ተባለና ደብተሩን ይዞ ሄደ። አንብበው ወደዱት። «ሰጠኝ ጫማውን ከመቀየሩ በፊት እጁን በሳሙና ቢታጠብ ግን» አሉት። ሦስት ቀን አሰበበት፤ ምሽግ ውስጥ ውኃ የት ይመጣለታል ብሎ ተወው። ዓመታት ካለፉ በኋላ በሰሜን ሌላ ጦርነት ሲነሣ ደግሞ አንድ የክበቡ ሰብሳቢ፣ «በወታደር መቀለድ ነውር ነው» አለው።

«ወታደሩ እኮ እኔ ነኝ» አለ ክንፈሚካኤል።

«ቢሆንም» አለው ሰብሳቢው።

በእንዲህ ያለ ቀን ቤት ሲገባ ፊቱ ያስታውቃል። እንቁ ለልጆቿ፣ «ዛሬ ሰጠኝ ነው የመጣ፤ አትናገሩት» ትላለች።

በ2014 ያምሮት የምትባል የአማርኛ መምህርት ወደ ትምህርት ቤቱ ተዛወረች። ሠላሳ ያልሞላት፣ ኪቦርድ የምትጫወት፣ የሚኒ ሚዲያውን ክበብ የተረከበች ነበረች። አንድ ጠዋት ለማይክራፎን ባትሪ ልትጠይቅ ግምጃ ቤት ገባች። ክንፈሚካኤል ባትሪውን ከመደርደሪያ ሲፈልግ እሷ ጠረጴዛው ላይ የተከፈተውን ደብተር ማንበብ ጀመረች። ሲመለስ እየሳቀች አገኛት።

«ምኑ ነው የሚያስቅሽ?» አላት፤ የሳቀችበት መስሎት።

«ጋሽ ክንፌ፣ ይህን ማን ጻፈው?»

«ባትሪውን ትፈርሚያለሽ አትፈርሚም?»

«እፈርማለሁ። ግን እርስዎ ነዎት የጻፉት?»

ሃያ ዓመት ሙሉ እንዲህ ብሎ የጠየቀው ሰው አልነበረም። የንብረት ወጪ ሞዴሉን ሳያስፈርማት ባትሪውን ሰጣት፤ በሥራ ዘመኑ እንዲህ ሲያደርግ የመጀመሪያው መሆን አለበት።

ያምሮት አዘጋጅ ሆነች። ወንዳወቅ የሚባለው የጂኦግራፊ መምህር፣ ቁመናም ድምፅም ያለው ወጣት፣ ሰጠኝን ሊጫወት ተስማማ። በ2015 ጸደይ ልምምዱ ተጀመረ። ለትምህርት መዝጊያ ይታያል ተባለ፤ የፈተናው ቀን ተቀየረና ለአዲስ ዓመት ተላለፈ። አዲስ ዓመት ሳይደርስ በነሐሴ ተኩሱ ከተማው ውስጥ ገባ። ትምህርት ቤቱ ተዘጋ፤ ኢንተርኔቱ ጠፋ፤ መንገዱ አንድ ቀን ተከፍቶ ሳምንት ይዘጋል። ወንዳወቅ ዘመዶቼን ልይ ብሎ አዲስ አበባ ሄደ፤ በዚያው ቀረ። ክንፈሚካኤል በየቀኑ እየሄደ የተዘጋውን ግምጃ ቤት ቁልፍ ይነካና ይመለሳል። ሰዉ ስለሚሞት ሰው ሲያወራ እሱ ስለ ቴአትር ማዘኑ ያሳፍረው ነበር። ማዘኑን ግን መተው አልቻለም።

ትምህርት እንደ ነገሩ ሲጀመር፣ በ2017 ጥር ላይ፣ ያምሮት ግምጃ ቤት መጥታ «እንጀምር» አለችው።

«በማን? ሰጠኝ የለም።»

«እርስዎ ይሁኑ።»

«አምሳ ዓመት ያለፈው ተራ ወታደር የት አይተሻል?»

«እግሩ የሚያነክስ ግን አግኝቻለሁ» አለችው። ተናደደ፤ እሺም አለ።

የመጀመሪያው ችግር ልብስ ነው። ገበያው ጥግ ላይ ዙለይካ የምትባል ልብስ ሰፊ አለች፤ ባሏ ከሞተ ጀምሮ በአንድ ሲንጀር ልጆቿን ያሳደገች፣ የትምህርት ቤቱን የደንብ ልብስ ዓመት ዓመት የምትሰፋ ሴት ናት። ክንፈሚካኤል ከእሷ ጋር በቁልፍና በክር ብዙ የተጨቃጨቀ ስለ ሆነ ይተዋወቃሉ።

«እታለም፣ አንድ የወታደር ልብስ ትሰፊልኛለሽ?» አላት።

ዙለይካ መኪናዋን አቆመች። በሩን አየች፤ ከዚያ እሱን አየች። «የምን ልብስ አልኸኝ?»

«ለቴአትር ነው።»

«ለቴአትር ብለህ ነው የምታስቀጠቅጠኝ? ዝንጉርጉሩን ጨርቅ ቤቴ ቢያገኙት ለማን ነው የሰፋሽው ይሉኛል።»

«ዝንጉርጉር ይቅር። አረንጓዴ አድርጊው።»

«አረንጓዴ የእነዚህ ነው።»

«ካኪ?»

«ካኪ የእነዚያ። ደግሞ ባለፈው ወር ካኪ ሱሪ የለበሰ አስተማሪ ግማሽ ቀን ተይዞ ዋለ፤ አልሰማህም?»

«ታዲያ ሰማያዊ ላልብሰው?»

«ፖሊስ ነዋ።»

ክንፈሚካኤል በርጩማው ላይ ቁጭ አለ። ሰጠኝ የየትኛውም ዘመን፣ የየትኛውም ጦር ወታደር እንዲሆን ስንት ዓመት የደከመበት ነው፤ ስሙን እንጂ ክፍለ ጦሩን፣ ባንዲራውን፣ የሚዋጋበትን ምክንያት አንድም ቦታ አልጻፈም። አሁን በቀለም ሊያዝ ነው። ተነሥቶ ሊሄድ ሲል ዙለይካ ከጥግ አንድ ጥቅል ጨርቅ ጎትታ አወጣች። ቡናማና ነጭ ሰንበር ያለው የፍራሽ ጨርቅ ነው።

«ይህን የሚለብስ ጦር በዓለም ላይ የለም» አለችው። «ኪሱንም ትከሻውንም እንደ ወታደር እሰፋዋለሁ። ማንም የእኔ ነው አይልም።»

ክንፈሚካኤል ጨርቁን ሳይወደው ወሰነበት። ልኩ ሲሞከር ዙለይካ መርፌ በአፏ ይዛ ሳቀች፤ ያንን ሳቅ ሲሰማ ትንሽ ቀለል አለው።

ሁለተኛው ችግር ፈቃድ ነበር። ፈቃድ የሚሰጠው ቢሮ የጸጥታ ደብዳቤ አምጣ አለው። ጸጥታዎቹ መጀመሪያ የፈቃድ ሰጪው ቢሮ አስተያየት ይጻፍበት አሉ። ክንፈሚካኤል አራተኛ ጊዜ ሲመላለስ በረንዳው ላይ ቆሞ ለያምሮት፣ «ይህን ሁሉ ጽፌዋለሁ እኮ» አላት፤ «ሁለተኛው ገቢር ላይ አለ። ያኔ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር፤ አሁን ዕድሜዬ ሌላ ነው። የሚያስቅ መሆኑ ቀርቷል።»

በመጨረሻ አንድ ኃላፊ ደብተሩን ተቀብሎ ሳምንት አቆየው። ሰውዬው ክፉ አልነበረም፤ የፈራ ሰው ነበር። ቢሮው ውስጥ አስቀመጣቸውና፣

«ግራ ስትሉ ምን ማለታችሁ ነው?» አለ።

«ጫማ ነው» አለ ክንፈሚካኤል።

«ጫማ መሆኑን አነበብሁ። ግራ ገባኝ፣ ግራ ገባኝ ይላል፤ ሰሙ ጫማ ነው፣ ወርቁስ?»

«ወርቁም ጫማ ነው።»

ያምሮት ጠረጴዛው ሥር እግሩን ነካችው። ኃላፊው ገጽ ገልብጦ፣ «ይህ ወታደር የማን ነው?» አለ።

«የማንም አይደለም። ተራ ወታደር ነው።»

«የማንም ያልሆነ ወታደር የለም፣ ወንድሜ። ይህ ሌላው፣ ጫማ የሚለዋውጠውስ ማን ነው?»

«እሱም ተራ ወታደር ነው።»

ኃላፊው ደብተሩን ዘጋ። «ሌላው ያስቃል» አለ። «የጫማ ልውውጡ ይውጣና ፈቃዱን እፈርማለሁ። ያ ካለ ግን እኔም ልጆች አሉኝ።»

ክንፈሚካኤል እንቢ ብሎ ወጣ። ያምሮት ተከትላው ወጣች። እሱ መንገድ ላይ ስለ ልውውጡ ያስብ ነበር። ሰውዬው ልውውጡን የፈራው በንባብ ብቻ ስላየው ነው፤ ዘፈኑን ቢሰማ ይገባው ነበር ብሎ አሰበ። የዚያን የመጨረሻ ዘፈን ግጥም ደብተሩ ላይ አለው፤ ዜማው ግን ከእሱ ጠፍቶበታል። ያምሮት በኪቦርድ ሦስት ዓይነት ዜማ ሞክራለታለች፤ አንዱም አልሆነም። ዜማውን ከሚያውቁት የት እንዳለ የሚታወቀው አንድ ገነነ ብቻ ነው። ገነነ ደግሞ ቡሬ ነው፤ በቆሎ ከገበሬ እየሰበሰበ ለነጋዴ ያስረክባል። የስልክ ቁጥሩን ከስድስት ዓመት በፊት ቀይሯል።

መንገዱ ተከፈተ በተባለ ማግስት ክንፈሚካኤል ደብተሩን በፌስታል ጠቅልሎ ሚኒባስ ተሳፈረ። ቡሬ ሩቅ አይደለም፤ በደህና ቀን አንድ ሰዓት አይፈጅም። ያን ቀን ከማንኩሳ ወዲህ አንድ ፍተሻ ላይ ተሳፋሪው ሁሉ ወረደ። የታጠቁት ሰዎች ደብተሩን አገኙት። አንደኛው አንብቦ፣ «አባቴ፣ ይህ ወታደር የማን ነው?» አለው።

«የማንም አይደለም። ቴአትር ነው።»

«የማንም ካልሆነ ለምን ዘመተ?» ብሎ ደብተሩን መለሰለት።

ከማንኩሳ ወዲያ ሌላ ፍተሻ ነበር፤ ታጣቂዎቹም ሌሎች ናቸው። እንደገና ወረዱ። ጢሙን ያሳደገ ጎልማሳ ደብተሩን ተቀበለውና ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ አነበበ። ክንፈሚካኤል የሚመጣውን ስላወቀው ቀድሞ፣ «የማንም አይደለም» አለ።

«ምኑ?»

«ወታደሩ።»

ሰውዬው ቀና ሳይል ማንበቡን ቀጠለ። የጫማውን ግጥም ሲያገኝ ጮክ ብሎ አነበበው፤ ጓደኛው ሳቀ። ከዚያ የራሱን እግር አየ፤ የተጫማው በሲባጎ የታሰረ የላስቲክ ጫማ ነው። «ይህን የጻፈው ሰው አውቆ ነው» አለ። ክንፈሚካኤል ልቡ ሞቀ፤ እኔ ነኝ ሊል አፉን ከፈተ። ሌላ አለቃ ከወዲያ መጥቶ ደብተሩን ነጠቀና፣ «ይህ የማን ወታደር ነው?» አለ። ከዚያ በኋላ ግማሽ ሰዓት ፀሐይ ላይ አቆሙት።

ቡሬ ሲደርስ ቀትር አልፏል። ገነነን በቆሎ የተደረደረበት መጋዘን ደጃፍ ላይ አገኘው፤ ሸብቷል፣ ወፍሯል። ተቃቀፉ። ገነነ ወንበር አስመጣለት፤ ስለ ልጆች፣ ስለ ዝናብ፣ ስለ መንገዱ ተጠያየቁ። ክንፈሚካኤል ደብተሩን ሲያወጣ ግን የገነነ ፊት ተቀየረ።

«አሁንም ይህንን ይዘህ ትዞራለህ?»

«ልናሳየው ነው። የመጨረሻው ዘፈን ዜማ ጠፋብኝ። አንድ ጊዜ ብቻ በለኝ፤ በስልኬ እቀዳዋለሁ።»

«አላስታውሰውም።»

«ታስታውሰዋለህ።»

ገነነ ከበቆሎው አንድ ፍሬ አንሥቶ በጥርሱ ሰበረ፤ እርጥበቱን እንደሚያይ ሰው። «አስታውሰዋለሁ» አለ። «ዜማውን ባነሣሁት ቁጥር ተቀባዮቹ ይመጡብኛል። አውራጁ እኔ ነኝ አይደል? እኔ አወርድና እነሱ ይቀበላሉ። አሁን አውርጄ ማን ይቀበለኝ?»

«እኔ እቀበልሃለሁ።»

«አንተ ዱሮም ድምፅ የለህም።»

ይህን ሲል ሁለቱም ሊስቁ ምንም አልቀራቸው፤ አልሳቁም። ክንፈሚካኤል ድምፁ ከፍ አለ። «ገነነ፣ አንተም ብትሆን እንደ ቢሮዎቹ አታመላልሰኝ። ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ ያልከለከለኝ ሰው የለም።»

«አልከለከልሁህም። አሳየው። ግን ቀኙ ጫማ አልመጣም እኮ፣ ክንፌ። አንተ ቀይረህ ጻፍኸው። ሰዉ ስቆ ቤቱ ይገባል፤ እነዚያ ሰባቱ የት ገቡ?»

«ስላልመጣ እኮ ነው የጻፍሁት» አለ ክንፈሚካኤል። «የመጣማ ቢሆን ምን ያስጽፈኝ ነበር?»

በቆሎ የሚጭኑ ሰዎች መጥተው ገነነን ጠሩት፤ ሲመለስ ስለ ዜማው አልተነጋገሩም። እራት ብላ፣ እደር ብሎ ለመነው። ክንፈሚካኤል መንገዱ ይዘጋብኛል ብሎ በመጨረሻው መኪና ተመለሰ። ሁለቱም ፍተሻዎች ላይ ደብተሩን ማንም አላየበትም፤ ይህም አናደደው።

በሳምንቱ ለያምሮት፣ «ልውውጡ ይውጣ» አላት። እሷ ተከራከረችው። ዜማ ባይኖርም በንግግር ይሁን፣ ወይም ለአንድ ዓመት እንጠብቅ አለችው። «አንድ ዓመት የሚባል ነገር ለእኔ አትንገሪኝ» አለና ፈቃዱን ሊያስፈርም ሄደ። ኃላፊው ፈረመ፤ እጁንም ጨበጠው።

መጋቢት ላይ አንድ ቅዳሜ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ቴአትሩ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ታየ። ማታ መውጣት ስለ ተከለከለ ቀን መሆን ነበረበት። ሰው አይመጣም ብለው ፈርተው ነበር፤ መቀመጫው ሞልቶ ሰው ቆመ። ስንት ወር ሙሉ ለቀብር ካልሆነ ያልተሰበሰበ ሕዝብ ነው። ዙለይካ ከሁለት ሴቶች ልጆቿ ጋር ፊት ተቀምጣ ነበር፤ እንቁም ከጎኗ።

ክንፈሚካኤል በፍራሽ ልብሱ፣ ሁለት ግራ ከስክስ አድርጎ ሲወጣ አዳራሹ ገና ቃል ሳይናገር ፈነዳ። ጨርቁ ከአሰበው በላይ ሠራለት። ከመጀመሪያው ዘፈን በኋላ መብራት ጠፋ፤ የያምሮት ኪቦርድ በመካከል ዝም አለ። ክንፈሚካኤል ለአንድ አፍታ ቆመና የውኃ ጀሪካን ከመድረኩ ጥግ አንሥቶ ሰጣት። እሷ እየመታች ቀጠሉ። ከቢሮ ቢሮ የሚንከራተትበት ክፍል ላይ ሰዉ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። «ከብርጌድ ደብዳቤ አምጣ» ሲባል የአዳራሹ ግማሽ መልሱን ቀድሞ ይናገር ነበር፤ እያንዳንዱ የራሱን ቢሮ ያውቃላ። ኃላፊው ራሱ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጦ ሲስቅ አየው።

ከዚያ ሰጠኝ ውኃ ሊቀዳ የሚወርድበት ቦታ ደረሰ። በአዲሱ አጻጻፍ ጀሪካኑን አንሥቶ «እንግዲህ በዚሁ እንሄዳለን» ይላል፤ ይወጣል፤ ያልቃል። ክንፈሚካኤል ይህንኑ አለ። ወጣ። ጭብጨባ ተሰማ፤ ጭብጨባው ሲበርድ ግን ሰዉ አልተነሣም። መጋረጃ ስለሌለ ማለቁን የሚያሳውቅ ነገር አልነበረም። ሁሉም ተቀምጦ የሚቀጥለውን ይጠብቃል። ያምሮት ወጥታ እጅ ነሣች። ያኔ ከመሐል አንዲት ነጠላቸውን ያጣፉ አሮጊት፣ «ጫማውሳ?» አሉ። «አገኘው ወይስ አላገኘው?»

ሌላውም ተቀበላቸው። «ጫማውሳ?» ክንፈሚካኤል ከበሩ ጀርባ ቆሞ ይሰማል። ወደ መድረኩ ሁለት እርምጃ ተራመደ። መናገር ይችል ነበር፤ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ፣ እንዲህና እንዲህ ሆነ ብሎ ቢተርከው በአሥር ደቂቃ ያልቃል። ሦስተኛው ረድፍን አየ። ኃላፊው ሳቁን አቁሞ ወደ መሬት ያይ ነበር። ፈቃዱ ላይ የያምሮት ስምም አለ።

«እናቴ፣ እስከዚህ ድረስ ነው የጻፍነው» አላቸው።

«ሳያልቅ ነው እንዴ የጠራችሁን?» አሉ አሮጊቷ፤ እየተነሡ። ሰዉም ቀስ እያለ፣ እያጉረመረመ ወጣ። በመንገድ ላይ ስለ ጫማው ይከራከሩ እንደ ነበር እንቁ ነግራዋለች፤ አገኘው የሚሉና ጠላት ገደለው የሚሉ ነበሩ። እሷ ለማስደሰት ነው የነገረችው። እሱ ግን ራት ሳይበላ ተኛ።

ሰኞ ጠዋት ኃላፊው ግምጃ ቤት ድረስ መጣ። ሁሉም ሰው እንደ ወደደው፣ በላይ ያሉ ሰዎችም እንደ ሰሙ ነገረው። «ለስብሰባ መክፈቻ ይሁን ብለዋል። ደምበጫ፣ ቡሬ፣ ሌላም ቦታ ትዞራላችሁ። መጨረሻው ላይ ሰጠኝ፣ ‹ቀኝ ጫማ ባይኖረኝም እዘምታለሁ› ቢል ደግሞ የበለጠ ያምራል።»

ክንፈሚካኤል የሚጽፍበትን ቢክ አስቀመጠ። «አይልም» አለ።

«አንድ ዓረፍተ ነገር ናት።»

«አውቃለሁ። እሱን ደግሞ አውቀዋለሁ። አይልም።»

«አስብበት።»

«አስቤበታለሁ። ሃያ አምስት ዓመት።»

ኃላፊው ከፍቶት ሄደ። ከዚያ በኋላ ፈቃድ በተጠየቀ ቁጥር ፋይሉ አልተገኘም ይባላል። ያምሮት በሰኔ ወደ ደብረ ማርቆስ ተዛወረች፤ ስትሄድ የግጥሞቹን ግልባጭ ወስዳለች፤ አልፎ አልፎ ትደውላለች። ገነነ አልደወለም።

በክረምቱ ከገጠር የተዘጉ ትምህርት ቤቶች ዴስክና ሰሌዳ በጭነት መኪና ይመጣ ጀመር። ግምጃ ቤቱ ስለማይበቃ አዳራሹ ውስጥ ይቀመጥ ተባለ። ክንፈሚካኤል እየተረከበ፣ በመረከቢያው ቅጽ በሞዴል 19 እየመዘገበ አስደረደረው፤ መጀመሪያ መቀመጫው፣ ቀጥሎ መተላለፊያው፣ በመጨረሻ መድረኩ ሞላ። ዴስኮቹ ላይ በምላጭ የተጻፈ የተማሪ ስም አለ፤ እነዚያ ልጆች አሁን የት እንደሚማሩ የጠየቀው ሰው ሁሉ ወሬ አልነበረውም። የአዳራሹ ቁልፍ ከሌሎቹ ቁልፎች ጋር በቀበቶው ላይ ይንጠለጠላል። ጠዋት ጠዋት ይከፍታል፤ ምስጥ ገብቶ እንደሆነ ለማየት በዴስኮቹ መካከል በጎን እየተሾለከ እስከ ጥግ ይሄዳል፤ ተመልሶ ይቆልፋል። ጠመኔ ፈልጎ ግምጃ ቤቱ በር ላይ የቆመ መምህር ካገኘ፣ ከመቼውም በበለጠ ይጨቀጭቀዋል።